በገጽ 150 ብር እስከ መቼ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ደሞዙ አልበቃ ሲለኝ ለሰዎች መጻፍ ጀመርኩ፤ አሁን ሙሉ ሥራዬ ሆኗል። ጽሑፉ የኔ፣ ስሙ የሌላ ሰው ነው። ጎስትራይተር የሚሉት መሆኑ ነው። የማስከፍለው በገጽ 150 ብር ነው።

አምና ለአንድ የቢቸና እህል ነጋዴ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍኩላቸው። 180 ገጽ ወጣው፤ 27 ሺህ ብር ማለት ነው። ቤታቸው እየተመላለስኩ 20 ሰዓት ያህል ድምፅ ቀድቻለሁ። ሦስት ጊዜ አስተካክዬ ጨረስኩ ስል ልጆቻቸው አንዱን ምዕራፍ አውጪው አሉኝ፤ አወጣሁ። ወንድማቸው ደግሞ የኔ ነገር አነሰ አሉ፤ ጨመርኩ። መጽሐፉ ታትሞ ተመርቋል። 7 ሺህ ብር ግን እስካሁን ይቀረኛል። ስጠይቃቸው ‹አንቺኮ ልጄ ነሽ፣ ከሽያጩ ትካፈያለሽ› ይሉኛል። መጽሐፉን ለሌላ ደንበኛ ላሳይ ብል ስሜ የለበትም። ጎዶሎውን የምሞላው ለተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ የምትኖር አንዲት ሴት በቴሌግራም አገኘችኝ። ሞጣ ያሉትን የአባቷን ታሪክ ማስጻፍ ትፈልጋለች። ‹ስንት ነው?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ምን ልበላት? ከዚህ ሥራ የተሻለ ገቢ ማግኘት ይቻላል ወይስ ልተወው?

ስሜ ይቅር፣ ከደብረ ማርቆስ»

መልስ

እህቴ፣ ሥራውን አትተዪው። መተው ያለብሽ ገጽ መሸጡን ነው።

የቢቸናውን ሥራ እስቲ አብረን እንቁጠረው። 20 ሰዓት ድምፅ ቀድተሻል። አንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ በትንሹ አራት ሰዓት ይወስዳል። ሰውየው እያሳሉ፣ ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው እየዘለሉ ካወሩ ከዚያም ይበልጣል። 80 ሰዓት በይው። አንዱን ገጽ በሁለት ሰዓት ብትጽፊ፣ ያውም ፈጣን ከሆንሽ ነው፣ 180ው ገጽ 360 ሰዓት ይፈጃል። ሦስቱ እርማት ከነልጆቹና ከነወንድምየው ጭቅጭቅ 100 ሰዓት። መንገዱ 30። ከ20 ሰዓቱ ቀረጻ ጋር ድምሩ 590 ሰዓት ነው። 27 ሺህ ብር ለ590 ሲካፈል በሰዓት 46 ብር አይሞላም። እጅሽ የገባው 20 ሺህ ብቻ ስለሆነ ደግሞ እውነተኛው ሒሳብ 34 ብር ነው። ይህም የትራንስፖርቱን፣ የካርዱን፣ የላፕቶፑን ሳንቀንስ።

ችግሩ ታዲያ 150 ብር ማነሱ ብቻ አይደለም። በገጽ ከተዋዋልሽ የሚቆጠርልሽ ገጹ ብቻ ነው። ያዳመጥሽው አይቆጠርም። «ያኔ ገና ጃንሆይ ነበሩ» ከሚል ወሬ ተነስተሽ ዓመተ ምሕረቱን ፈልገሽ ያገኘሽው አይቆጠርም። አልፎ ተርፎ ጥሩ በሠራሽ ቁጥር ትከስሪያለሽ። የተንዛዛ አምስት ገጽ አሳጥረሽ ሁለት ስታደርጊው 450 ብር ከራስሽ ኪስ አወጣሽ። ቆጥባ የምትጽፍን ሴት የሚቀጣ፣ የምታንዛዛዋን የሚሸልም ዋጋ ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሥር አለው። ጎጃም ቅኔ የሚዘረፍበት አገር ነው። ዋሸራ በይው፣ ጎንጅ በይው፣ ዲማ በይው፣ ቃል አዋቂ ሲገባ ይነሱለታል። ግን ሙያው እንደ ጸጋ ነው የሚታየው፤ ጸጋ ላይ ደግሞ ዋጋ መጠየቅ ነውር ይመስላል። «እስቲ ይቺን ነገር አስተካክይልኝ» ብሎ ሻይ ጋብዞሽ የሚሄደው ሰው ክፋት ኖሮበት አይደለም። እንጀራሽ መሆኑን የነገረው የለም። መንገር ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ እሱም ድምፅ መቅጃውን ከመክፈትሽ በፊት።

ዋጋ የሚጀምረው ከራስሽ ቤት ነው። በወር ለመኖር ስንት ያስፈልግሻል? 25 ሺህ ብር እንበል፤ አንቺ የራስሽን ቁጥር አስገቢ። ሥራው ራሱ የሚበላው ደግሞ አለ፤ ኢንተርኔት፣ መንገድ፣ ለላፕቶፕ መተኪያ የሚቀመጥ፣ ግብር። 8 ሺህ ብንለው 33 ሺህ ሆነ። አሁን ሰዓቱን ቁጠሪ። በወር 25 ቀን፣ በቀን ስድስት ሰዓት ብትሠሪ 150 ሰዓት ነው። ሁሉም ግን ብር አያመጣም። ደንበኛ ስታነጋግሪ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ኔት ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ ሲሶው ይሄዳል። የሚከፈልሽ 100 ሰዓት ነው። 33 ሺህ ለ100፣ በሰዓት 330 ብር መጣ። በዚህ ሒሳብ የቢቸናው መጽሐፍ ወደ 195 ሺህ ብር ይጠጋል።

አትደንግጪ። የሰዓቱን ሒሳብ ለደንበኛ አትናገሪውም፤ ያንቺ የጓዳ ሒሳብ ነው። ለደንበኛው የምትነግሪው የሥራውን ሙሉ ዋጋ ብቻ ነው፤ ቃለ መጠይቁን፣ ግልበጣውን፣ ጽሑፉንና የተወሰነ እርማትን የያዘ አንድ ቁጥር። 195 ሺህ የማይችል ሰው ይኖራል፤ ብዙም ነው። ያኔ ዋጋሽን አትቀንሺ፣ ሥራውን ቀንሺ። ስድስት ሰዓት ቃለ መጠይቅ፣ 60 ገጽ፣ አንድ ዙር እርማት ያለው አነስተኛ መጽሐፍ ይኑርሽ። ይህ 190 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ወደ 63 ሺህ ብር ነው። ሰውየው «አስቀንሺልኝ» ሲል «እሺ፣ ትንሹን እንሥራ» ትያለሽ። ክርክሩ ስለ አንቺ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ስለ መጽሐፉ መጠን ይሆናል። በዚህ ላይ ደግሞ ነጋዴ አይከፋውም። በመቶ ኪሎ ዋጋ መቶ ኪሎ ጤፍ፣ በሃምሳ ኪሎ ዋጋ ሃምሳ ኪሎ ጤፍ እንደሚሰፈር ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

«በጎጃም ገበያ ማን ይህን ይከፍላል?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለልጁ ሠርግ ስንት በሬ እንደጣለ ከተማው የሚያወራለት ሰው ይከፍላል። ሁሉም አይከፍልም። ግን በዓመት የሚያስፈልግሽ የዚህ ዓይነት ደንበኛ ሁለት ወይም ሦስት ነው እንጂ ሰላሳ አይደለም።

አሁን ወደ «ልጄ ነሽ» እንምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያቆመኝ እሱ ነው። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም። ቤታቸው እንጀራ በልተሻል፤ ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ነግረውሻል። ይሉኝታ የሚይዝሽም ለዚህ ነው። ዝምድናውን አትግፊው፣ ከዋጋው ፊት ግን አስቀድሚው። እንዲህ በይ፦ «አባቴ፣ እንደ ልጅዎ ስለሚያዩኝ ነው በግልጽ የምነግርዎ። ሥራው ይህን ያህል ይፈጃል፣ ዋጋው ይህ ነው፣ አከፋፈሉ እንዲህ ነው።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብዳል። ብዙዎቻችን የምንከስረው እዚያች ዝምታ ላይ ነው፤ ሰውየው ገና ሳይናገር «ካልሆነ እንኳ ትንሽ ልቀንስ እችላለሁ» እንላለን። ቡናሽን ፉት በይ እንጂ አትናገሪ።

«ከሽያጩ ትካፈያለሽ» የሚለውንማ ላም አለኝ በሰማይ በይው። የግለሰብ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አብዛኛው የሚያልቀው በምረቃው ቀን ዘመድ ወዳጅ ሲገዛው፣ የቀረው በስጦታ ሲታደል ነው። ድርሻ ቢሰጥሽ ከሙሉ ክፍያሽ በላይ የሚጨመር ይሁን፣ በክፍያሽ ፈንታ አይሁን። ስንት ቅጂ እንደታተመም ከማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ እንጂ ከአፍ አይወሰድም።

ከዚህ በኋላ ያለው ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ለተማሪዎችሽ ስንት ጊዜ አስተምረሽ ይሆናል፤ ለራስሽ ግን አልጻፍሽም። ውሉ ሁለት ገጽ ቢሆን በቂ ነው። የሁለታችሁም ፊርማና የሁለት ምስክር ፊርማ ይኑርበት። ምስክሩ የሰውየው ታላቅ ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ነገ ጭቅጭቅ ይዞ የሚመጣው እሱ ነዋ።

ውሉ ውስጥ የምታስገቢው ቀዳሚ ነገር አከፋፈሉ ነው። እኔ የምመክርሽ አራት ጊዜ ነው። ሲፈረም ከመቶ ሰላሳ፣ ቃለ መጠይቁ አልቆ የምዕራፎቹ ዝርዝር ሲጸድቅ ሰላሳ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲደርስ ሰላሳ፣ መጨረሻ ላይ አሥር። የመጨረሻዋ ትንሽ የሆነችው አውቄ ነው። ሰው መክፈል የሚሰለቸው ሥራው እጁ ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀርሽ ትንሽ ይሁን። ረቂቁንም በፒዲኤፍ ላኪ። ማስተካከል የሚቻልበት የወርድ ፋይል የሚወጣው የመጨረሻዋ ብር ስትገባ ነው። ቴሌብርም ሆነ ባንክ የተላከበት ማስረጃ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ አንዲት የሕግ ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ክፍያ ሰዎች በልማድ «ቀብድ» ይሉታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለቀብድ የራሱ ውጤት አለው። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባይዋ ካፈረሰች ደግሞ እጥፍ አድርጋ ትመልሳለች። ታመሽ ወይም መንገድ ተዘግቶብሽ ሥራውን ብታቋርጪ እጥፍ መክፈል ሊመጣብሽ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «የመጀመሪያ ክፍያ» ብለሽ ጻፊ፣ ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚመለስና ምን እንደማይመለስም በግልጽ አስቀምጪ። መንገድ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀነ ገደቡ በዚያው ልክ ይራዘማል የሚል መስመርም ጨምሪ። በዚህ ዘመን በእኛ በኩል ያለዚያች መስመር የጊዜ ውል መግባት ድፍረት ነው።

እርማትን በሚመለከት ደግሞ ለሙሉው መጽሐፍ ሁለት ዙር፣ ለትንሹ አንድ ዙር ብለሽ ወስኚ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለብቻው ይከፈላል። ከዙሩ ቁጥር ይልቅ የሚያድንሽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አስተያየት የሚሰጥሽ ሰው አንድ ብቻ ይሁን። ልጆቹም፣ ወንድምየውም፣ አማቾቹም የሚሉትን ለዚያ ሰው ይንገሩት። እርስ በርስ ተጣልተው ተስማምተው የተስማሙበትን እሱ ያምጣልሽ። ዳኛቸው አንቺ አይደለሽም።

የሕይወት ታሪክ ደግሞ የመሬት ነገር አለበት፣ የውርስ ነገር አለበት፣ አንዳንዴም የደም ነገር አለበት። ባለታሪኩ «እገሌ መሬቴን ቀማኝ» ቢሉና እገሌ ወይም ልጁ በሕይወት ቢኖር ስም ማጥፋት ተብሎ ክስ ሊመጣ ይችላል። የተነገረው ነገር እውነት ለመሆኑ ኃላፊው ባለታሪኩ መሆኑን ውሉ ይናገር። አንቺም ዝም ብለሽ አትጻፊው። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሺ ቀሪ ዘመዶችን ጠይቂ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ካለ ይታይ፣ ከሌለ ስሙ ይውጣ። ይህን ማወቅሽ ራሱ ዋጋ ያለው ሙያ ነው። ባለታሪኩ የሚከፍሉሽ ቃላት ስለምታሳምሪ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ሳታጣያቸው ስለምታወጫቸውም ነው።

ስለ ስምሽ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ አንቺን የሚመለከት ሁለት ነገር አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በትዕዛዝ የተሠራ ጽሑፍ የገንዘብ መብቱ የአዛዡ ነው። ስለዚህ «መብቱ ለአሠሪው የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ይግባ። ይህ ቢኖርሽ ኖሮ 7 ሺህ ብሩ ሳይከፈል መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ባልገባ ነበር። ሁለተኛው፣ የደራሲነት መብትሽ በሕይወት እያለሽ ለሌላ የሚሸጥ አይደለም፤ ስሜ አይጠቀስ ብለሽ መምረጥ ግን ትችያለሽ። ዝምታሽ የምርጫ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ይኑረው። ስምሽ ምስጋናው ገጽ ላይ ወይም «አዘጋጅ» ተብሎ ከገባ አንድ ዋጋ፣ ጭራሽ የማይታወቅ ከሆነ ከፍ ያለ ዋጋ።

ደንበኛ ይህን ሲሰማ ቅር ካለው የብራና መጽሐፎቻችንን አስታውሺው። መጨረሻቸው ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» እያሉ ለጻፈውም ላጻፈውም ምሕረት ይለምናሉ። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው፣ በእኛ አገር ብዙው እንዲያ ነው፣ ይህን ሲሰማ አይከራከርም።

ማሳያ የለኝም ላልሽው መፍትሔው ቅርብ ነው። ከአሁን በኋላ በየውሉ ላይ «ስም ቀይሬ አምስት ገጽ ለሌላ ደንበኛ ማሳየት እችላለሁ» የሚል ፈቃድ ጠይቂ። እስከዚያው የአያትሽን ወይም የጎረቤትሽን ታሪክ አሥር ገጽ አድርገሽ ለራስሽ ጻፊ፤ በፈቃዳቸው። ደንበኛ የሚፈልገው ስምሽን መጽሐፍ ላይ ማየት አይደለም፤ የሽማግሌ ንግግር በእጅሽ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። አንድ ገጽ የተገለበጠውን እንዳለ፣ ቀጥሎ አንቺ የጻፍሽውን አስቀምጪና አሳዪው።

የመመረቂያ ጽሑፉን ግን ተዪው። መምህርት ስለነበርሽ ለምን እንደሆነ አንቺን አላስተምርሽም። ተማሪው የራሱ ያልሆነ ዕውቀት ይዞ ይወጣል፣ ነገ ልጆች ፊት ይቆማል፤ ያ ክፍል አንቺ የነበርሽበት ክፍል ሊሆን ይችላል። የታወቀበት ዕለት ዲግሪው ብቻ ሳይሆን ስምሽም ይሄዳል። እሺ ለገንዘቡ እንኳ ብንል ገንዘቡ የለም። ዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉት ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች በር ላይ ለጥፈው የሚሠሩት ነው፤ በርካሽ ከሚሠራ ጋር ትፎካከሪያለሽ። ከተማውም «ቴሲስ የምትሠራዋ» ብሎ ያውቅሻል። የአባቱን ታሪክ ሊያስጽፍ የሚፈልግ ሰው ያንን ስም ሲሰማ አይመጣም። ከተማሪ ገንዘብ ማግኘት ከፈለግሽ ራሱ የጻፈውን አርሚለት፣ አጻጻፍ አስተምሪው። ይህ ንጹሕ ሥራ ነው።

ደንበኛ ታዲያ ከየት ይመጣል? ከማተሚያ ቤቶች ጀምሪ። ማርቆስም ባሕር ዳርም ያሉ ማተሚያ ቤቶች በደብተር ሙሉ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ይዞ «አትሙልኝ» የሚል ሰው ይመጣባቸዋል። ጽሑፉ እንዳለ አይታተም፤ እነሱ ማስተካከል አይችሉም። ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሪ፤ ለሚልክልሽ ሰው ኮሚሽን ይኑረው። ቀጥሎ ኢዮቤልዩ የሚያከብሩ ትምህርት ቤቶች፣ የልማት ማህበራት፣ የገበሬ ዩኒየኖች አሉ። መጽሔት ይፈልጋሉ፤ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ኮሚቴው ስድስት ወር ይሰበሰባል፤ ከዚያ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጸሐፊ ፍለጋ ይሯሯጣል። ገና ኮሚቴው ሲቋቋም ሄደሽ ተዋወቂ። የጥድፊያ ሥራ ከሆነ ደግሞ የጥድፊያ ዋጋ አስከፍዪ።

በቀብር ላይ የሚነበበውን አጭር የሕይወት ታሪክም በሌላ ሰው ስም የሚጻፍ መሆኑን አስበሽው ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ተቀምጦ የሚጽፈው ሁልጊዜ አንድ «ጽሑፍ የሚችል» ዘመድ ነው። ለእሱ ገንዘብ አትቀበዪ። ለቅሶ ነው። ግን ባማረ ሁኔታ ከጻፍሽው ለሙት ዓመቱ ወይም ለሐውልቱ ምረቃ ቤተሰቡ የተሟላ ነገር ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስታውሰው አንቺን ነው።

ወቅትም እይ። ከኅዳር እስከ ጥር እህል ነጋዴ አጠገብ ድምፅ መቅጃ ይዘሽ ብትቀርቢ ፋታ የለውም፤ አዝመራው ገብቷል፣ ከዚያ ሠርጉ ይከተላል። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ደግሞ እሳት ዳር ሲቀመጥ ያወራል። ቃለ መጠይቁን ሐምሌና ነሐሴ፣ ጽሑፉን መስከረምና ጥቅምት አድርጊው።

ግብርን በአጭሩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ፈቃድ አውጪ። ዩኒየንም ሆነ ትምህርት ቤት ያለ ደረሰኝ ሊከፍልሽ አይችልም፤ መለያ ቁጥር ከሌለሽም ከክፍያሽ ላይ የሚቆረጠው በጣም ይበዛል። ትልልቆቹን ሥራዎች የሚያሳጣሽ ይኼ ሊሆን ይችላል።

አሁን አሜሪካ ያለችው ሴት። ዋጋ አትንገሪያት፤ ገና ምን እንደምትፈልግ አታውቂማ። እንዲህ ብለሽ ላኪላት፦

«ሰላም። የአባትዎን ታሪክ ለማስጻፍ ስላሰቡ ደስ ብሎኛል። ዋጋውን ከመናገሬ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። አባትዎ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ጤናቸውስ እንዴት ነው? እርሳቸው ራሳቸው ታሪካቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ? መጽሐፉን የሚያነበው ማን ነው፤ ቤተሰብ ብቻ ወይስ ለገበያ ይወጣል? አማርኛ የማያነቡ ልጆችስ አሉ? ለተወሰነ ቀን እንዲደርስ ይፈልጋሉ? የምሠራው በሁለት መጠን ነው፤ 60 ገጽ አካባቢ ያለው ትንሹና ከ150 ገጽ በላይ ያለው ሙሉው። ሲመልሱልኝ የሁለቱንም ዋጋና ጊዜ በዝርዝር እልክልዎታለሁ።»

ይህን መልእክት ያነበበች ሴት ከማን ጋር እንደምትነጋገር ይገባታል። ዋጋውን ስትልኪ ወደ ሞጣ የምትሄጂበትንና እዚያ የምታድሪበትን ለይተሽ አስቀምጪ። አሜሪካ ናት ብለሽ ሦስት እጥፍ አትጥሪባት፤ ሞጣ ዘመድ አላት፣ ትጠይቃለች። በ150 ብርም አትሂጂላት። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። ከፋይዋ ልጅቷ ናት፣ ታሪኩ ግን የአባትየው ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ፈቃዳቸውን በድምፅ ቅጂ። «ይህን አትጻፊው» ያሉት ነገር ልጃቸው ብትጠይቅሽም እንደማይወጣ ለሁለቱም ንገሪያቸው። ልጅቷ ቅር ልትሰኝ ትችላለች፤ አባትየው ግን ከዚያ በኋላ ነው ማውራት የሚጀምሩት። በዕድሜ የገፉ ከሆነ ደግሞ ውሉ እንደተፈረመ ቃለ መጠይቁን አስቀድሚ። ጽሑፉ ይደርሳል።

የቢቸናው 7 ሺህ ብርም አይቅርብሽ። የተሠራውን፣ የተከፈለውን፣ የቀረውን በአንድ ገጽ ጻፊ። የውል ወረቀት ባይኖርሽም በስልክ የተላላካችሁት መልእክት፣ የተላከልሽ ብር፣ የቀዳሽው ድምፅ ማስረጃ ነው፤ ሰብስበሽ ያዢው። ፍርድ ቤት ግን የመጀመሪያ ደጃፍሽ አይሁን። ሰውየው የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ፈልጊና አብራችሁ ሂዱ። በገበያ ቀን አትሂጂ፤ ሱቁ ሰው በሞላበት ከጠየቅሻቸው አፍረው ይቆጣሉ። ማለዳ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ቤታቸው ሂጂ። ወረቀቷን ስጫቸውና «አባቴ፣ ይህቺን እንጨርሳትና ሁለተኛው እትም ላይ ስህተቷን በነጻ አርምልዎታለሁ» በያቸው።